በሐሜት የመጣ ቆርቆሮ

ቀለሟ ሦስት ልጆቿን ይዛ ቤታችን የገባች ዕለት እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ለእኛ ብቻ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ በዚህ ዝናብ ላይ ሌላ ቤተሰብ ሲጨመርበት ሞልቶ ግቢውን ሲያጥለቀልቅ፣ ጎረቤት ሲከሰን፣ ቀበሌ ሲቀጣን በዓይኔ ታየኝ። ይህን ሁሉ እያየሁ አቅፌ ሳምኳትና «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቤትሽ ነው» አልኳት።

ቀለሟ የባለቤቴ የደረሳ የአክስት ልጅ ናት። ቤታቸው ከኑኑ ቁምባ ወዲያ በአንድ ኮረብታ ሥር ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ኮረብታው ተናደና ቤቱንም በረቱንም የጓሮውን የአንጮቴ ተክልም ይዞት ወረደ። ሰው አልሞተም። ከናዳው የተረፈው ማዶ ያለው ቡናቸው ብቻ ነው። ባሏ ጂሬኛ ቡናውን ለመጠበቅ እዚያው በላስቲክ ተከልሎ ቀረ፤ እሷና ልጆቹ ወደኛ መጡ። ከዚያ መንደር የተነሳው ሁሉ እንዲሁ ነቀምቴ ያለ ዘመዱ ቤት ገባ። ድንኳን የተከለ፣ ትምህርት ቤት የተጠለለ አንድም ሰው የለም። ዘመድ እያለው ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ዘመዱን በአደባባይ እንደሰደበ ይቆጠራል።

ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ እኔም ኮርቻለሁ። ከኩራቱ ጋር ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቡናው ኅዳር ላይ ይደርሳል። እስከዚያ ጣሪያ ያለው ነገር ካልቆመ የተለቀመው ቡና የሚገባበት የለም፤ ይበሰብሳል ወይ ይሰረቃል። ቡናው ከሄደ ደግሞ ቤት የሚሠራበት ሌላ ነገር የላቸውም። ጂሬኛ ላስቲክ ውስጥ በሳንባ ምች ይሞታል፣ ቀለሟ መበለት ሆና እኔ ሳሎን ታረጃለች፣ ሕፃኑ ልጇ እኔው ሳሎን ውስጥ አድጎ ሚስት ያገባል። እንጨቱ ከጫካቸው ይገኛል፣ ጭቃው ሞልቷል፣ ጉልበት የሚያዋጣ ሰው አይጠፋም። የጠፋው ቆርቆሮ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኦቦ ፈየራ በራችንን አንኳኳ። ኦቦ ፈየራ በቀበሌያችን የተፈናቃዮችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ነው።

«አዴ ሸዋረገድ፣ አካም ጅርቱ?»

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት። የቀበሌ ሰው በጠዋት ሲመጣ ሰላምታ መመለስ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

«ኧረ ደግ ወሬ ነው ይዤ የመጣሁት! አንድ ድርጅት ከናዳው ለወጡ ሰዎች የቤት ቆርቆሮ ሊሰጥ ነው። ሐሙስ እዚህ ባኬ ጃማ ሰፈራችን ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። ችግር ያለበት ይወስዳል።»

«ባልዲ እንዳይሆን ብቻ» አልኩ። በመስከረም ሌላ ድርጅት መጥቶ ለትልቁም ለትንሹም ባልዲ አድሎ ነበር። አሁን በሰፈራችን ባልዲው ከሰው ይበልጣል።

«ቆርቆሮ ነው ስልዎት። ግን ጨለለቂ ሰፈር የሆነውን ሰምተዋል?»

«ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም፤ የጠገበ ነው እንጂ ያለው» ብሎ ሳቀ። «ሰኞ ጨለለቂ ዞሩ። በየቤቱ እየገቡ ‹እንግዶቻችሁ ምን ጎደላቸው?› ይላሉ። ሁሉም ቤት ‹ዋቀዮፍ ገለታ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ምንም አልጎደለም!› ይባላሉ። ከዚያ ጨጨብሳ ይቀርባል፣ ማር ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቹ መኪና ላይ መውጣት አቅቷቸው ነበር። ማታ ድርጅቱ ምን አለ? ‹ጨለለቂ ችግር የለም።› በቃ፣ ለጨለለቂ ቆርቆሮ የለም።»

«አንተ ምን አልካቸው?»

«እኔማ የቀበሌ ሰው ነኝ፤ ሁሉም ተቸግሯል ነው የምለው። እኔን ማን ያምናል? ይኸውልዎት አዴ፣ እባክዎን እናንተ እንኳ እውነቱን ተናገሩ።»

እውነቱን! ኦቦ ፈየራ ይህን ሲናገር ጨው አውሱኝ የሚል ነበር የሚመስለው። እስቲ እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? እኔ «እንግዳዬ ይርባታል» ብል የማላበላ መሆኔን በአፌ መሰከርኩ። ቀለሟ «ይርበኛል» ብትል ደግሞ የምትተኛበትን ቤት በእመቤቱ ፊት ሰደበች። የሚጠይቁት ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው።

ማታ ለደረሳ ነገርኩት። ደረሳ ውሃ ቆጣሪ እያነበበ የሚውል ሰው ስለሆነ የሰው ቤት ጓዳ ያውቃል፣ የራሱን ግን አያይም።

«የአክስቴ ልጅ በቤቴ ተቸገረች ብለሽ ለድርጅት ልትናገሪ ነው?» አለ።

«እኔ አልናገርም።»

«እህ፣ ጎሽ።»

«ቤቱ ራሱ ይናገራል» አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ቴሌቪዥኑን አልጋ ሥር ከተትኩ። መጋረጃውን አውርጄ ምንጣፉን ጠቀለልኩ። ልጆቹ የሚተኙበትን ስፖንጅ ሌላ ቀን እንግዳ ሳያየው የምደብቀውን፣ ሳሎኑ መሐል እንዳለ ተውኩት። አልጠረግኩም። በዕድሜዬ እንግዳ እየጠበቅሁ ቤት ሳልጠርግ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቴ ወሰኔ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። ወሰኔ አጥራችን የሚያገናኘን፣ በጸሎት ቤታችን መዘምራን ውስጥ የምትዘምር፣ ልቧ ሰፊ ሴት ናት። እሷም ከዚያው ናዳ የወጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የባሏን አጎትና ሚስቱን፣ ተቀብላለች።

«ሸዋረገድ! መጋረጃሽ የታለ?»

«አጠብኩት።»

«ዛሬ? ድርጅቶቹ ሊመጡ?» ብላ ጮኸች። መልሴን አልጠበቀችም። እሷ ቤት መጋረጃው ወርዶ እኔ ቤት እስኪሰቀል የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። ከመጋረጃው ጋር ገና ትኩስ የሆነ ድፎ ዳቦ፣ አበባ ያለበት ፔርሙስና የልጇን የሠርግ ምንጣፍ ይዛ መጣች። ከግቢያችን ጥግ የተከራየው አስተማሪ ገብረክርስቶስ ይህን አይቶ «እትዬ፣ እኔም እታዘዛለሁ እኮ» አለና አዲሱን ሶፋውን ተሸክሞ አስገባልኝ። እኔ በር ላይ ቆሜ «ተዉት፣ አይሆንም» እላለሁ፤ እነሱ ያፈርኩ እየመሰላቸው ይበልጥ ያመጣሉ። ደረሳ ደግሞ ሥራ ከመሄዱ በፊት ዶሮ አርዶ ሄዷል። ስፖንጁን ወሰኔ ራሷ ጠቅልላ ከቁም ሣጥን ኋላ ከተተችው።

ቤቴ እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

በመጨረሻ ቀለሟ ከጓዳ ወጣች። ለገና ብቻ የምለብሰውን ቀሚሴን ለብሳለች፤ ልጆቿ ፊታቸው በቅባት ያበራል። «ቤትዎን እንዳላዋርድ ብዬ ነው» አለችኝ በኦሮምኛ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ኦቦ ፈየራ ጠያቂዋን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ ሶፋውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ጠያቂዋ ኢማን የምትባል የወሎ ልጅ ናት። እዚሁ ነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ስለነበር ኦሮምኛዋ ከእኔ ይሻላል። እናቴም ወሎዬ ስለነበረች ንግግሯን ሰምቼ ትንሽ ልቤ ተረጋጋ። ወዲያው ግን ዶሮው ትዝ አለኝ። ሙስሊም ናት፤ አትበላም! ዶሮው በከንቱ ሞተ።

«ዳቦ ብቻ ይበቃኛል፣ አይቸገሩ» አለች እየሳቀች። ታብሌቷን ከፈተች። «ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ከላይ የመጣ ነው፣ እንዳለ ነው የማነብላችሁ። እሺ። ድንኳናችሁ ዝናብ ያስገባል?»

«ድንኳን የለንም» አለች ቀለሟ።

«‹አያስገባም› ነው እንግዲህ» አለችና ነካ አደረገችው። ፊቷ ላይ ግን እፍረት አየሁ። «ባለፈው ሳምንት ምግብ አንሷችሁ ሳትበሉ ያደራችሁበት ቀን ነበር?»

ቀለሟ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «እዚህ ቤት? ዋቀዮፍ ገለታ!»

«ልጆቹ የሚተኙበት በቂ ቦታ አላቸው?»

«ሰፊ ነው!» አለች፤ እጇን በሶፋው ላይ ዘረጋች።

እኔ በዓይኔ ጠቀስኳት። ጠቀስኳትና ዓይኔ ውስጥ አቧራ የገባ መስሏት «ልንፋልዎት?» አለችኝ። ኢማን ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ እናቴ? የቀለሟ ቤተሰብ ምን ይጎድለዋል ይላሉ?»

አፌን ከፈትኩ። «ቆርቆሮ» ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን «ኧረ ምንም! ዳቦ ጨምሪ እንጂ ልጄ» የሚል ነው። ማን እንደተናገረልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኢማን ተነፈሰችና ታብሌቷን ልትዘጋ ስትል፣ ቀለሟ ድንገት ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች።

«እኛስ ደህና ነን። አጥር ማዶ ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው የሚያሳዝኑት። አዴ ወሰኔ ደግ ናት፣ ግን ቦታ የላትም፤ ሰውዬውን ማድቤት ውስጥ ነው የምታስተኛው። በጭሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል እንሰማዋለን። ብርድ ልብስ አንድ ናት፣ እሷን ለሚስቱ ይሰጣል።»

ኢማን ቀና አለች። ታብሌቱን እንደገና ከፈተች። «ሌላስ? ማዶ ካሉት ቤቶችስ?»

ቀለሟ ስለሌላ ሰው ቤት ሲሆን ምላሷ ተፈታ። የትኛው ቤት ልጆች በተራ እንደሚበሉ፣ የትኛው ቤት እርጉዝ ሴት መሬት ላይ እንደምትተኛ ዘረገፈችው። ሐሜት ብሎ ነገር አይመስልም ነበር፤ እያዘነች ነው የምታወራው። የኢማን ጣት ታብሌቱ ላይ ይሯሯጣል፤ ከኦቦ ፈየራ ጋር ተያዩ።

«ጨለለቂም ነገ እንመለሳለን» አለችው። «በየቤቱ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ጎረቤት ነው የምንጠይቀው። ቀጣዩ ቤት የት ነው?»

«ወሰኔ ቤት» አለ ኦቦ ፈየራ።

እነሱ ሲወጡ ነው የገባኝ። ወሰኔ ቤት ገብታ ስለማን ነው የምትጠይቀው? ስለ እኔ ነዋ! ወሰኔ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ምን ያላየችው አለ? የስኳሩን ጣሳ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደምቆልፍ ታውቃለች። ልጆቹ ሲያስቸግሩኝ የምጮኸውን ትሰማለች። ነገ ጸሎት ቤት በምን ዓይኔ ነው የምገባው? ነጠላዬን አንስቼ እነሱን ተከትዬ ሮጥኩ። ወሰኔን በዓይኔ ለምኜ ዝም ላሰኛት ነበር ሐሳቤ፤ አልዋሽም።

ስደርስ ኢማን በዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ የወሰኔ ሳሎን መጋረጃም ምንጣፍም የሌለው ባዶ ቤት ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ሁሉም እኔ ቤት ነው ያለው።

«ስለ ራስዎ ጨርሻለሁ፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ አዴ ሸዋረገድ ቤት ያሉት እንግዶች እንዴት ናቸው?» ትላለች ኢማን።

ወሰኔ እኔን በሩ ላይ አየችኝ። ፊቷ በፍቅር በራ።

«ሸዋረገድ ቤት? የንጉሥ ቤት ነው እኮ! ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት። ዶሮ ነው የሚበሉት። እንደ እሷ ያለ እንግዳ ተቀባይ ነቀምቴ ውስጥ የለም!»

ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ በእውነት ደስ አለኝ። ከዚያ የኢማን ጣት ታብሌቱ ላይ ወደ «ችግር የለም» ሲሄድ አየሁና ጂሬኛ በላስቲኩ ውስጥ ሲያስል ታየኝ። ቡናው ሲበሰብስ ታየኝ። ስሜ ወይስ ቆርቆሮው? ሁለቱንም የማተርፍበት መንገድ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«ወሰኔ፣ እውነቱን ንገሪያት» አልኩ።

«እውነቱን ነው የምነግራት!»

«ስኳር እቆልፋለሁ እኮ።»

«አይጥ እንዳይገባበት ነው» አለች ወሰኔ ለኢማን።

ይህቺ ሴት ካልተናደደች እንደማትናገር ገባኝ። ወደ ኢማን ዞርኩ። «ልጄ፣ ወሰኔ የምትለውን አትመኚ። የምታየው አይገባትም። ዛሬ ያመጣችልን ዳቦ መሐሉ ሊጥ ነበር፣ ለዶሮ ነው የሰጠነው።»

ወሰኔ ሳቀች። «ዶሮሽ ታርዷል አይደል እንዴ?»

ይህም አልሆነም። አንድ ነገር ቀረኝ። ብናገረው ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ለብዙ ዓመት ያልተናገርኩት።

«መዘምራን ውስጥም ቢሆን» አልኩ፣ «ያስቀመጧት ወንበር እንዳይጎድል ነው። እሷ ስትዘምር ሌሎቹ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት እንዳትሰማ ነው።»

ኦቦ ፈየራ ኮፍያውን አጠለቀ። የወሰኔ አንገት ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ጆሮዋ።

«እኔን?» አለች። «አንቺ! ጻፊ ልጄ፣ ጻፊ! ያ ሶፋ የእሷ አይደለም፣ የገብረክርስቶስ ነው! መጋረጃው የእኔ ነው! ልጆቹ ሦስቱም በአንድ ስፖንጅ ላይ ነው የሚተኙት፣ እሱንም እኔ ነኝ ቁም ሣጥን ኋላ የደበቅሁት! ስኳር ትቆልፋለች፣ ዘይት ትቆልፋለች፣ ሳሙና ትቆልፋለች! ‹ጉድጓዱ ሞላ› እያለች ልጆቹን በሽንት ቤት እንኳ ስታሳቅቃቸው እሰማለሁ! ቀለሟ ምሳ በልቻለሁ እያለች ለልጆቿ ታጎርሳለች። ጠዋት ጠዋት ትልልቆቹ፣ ኢቢሳና ኢቢሴ፣ የት ነው የሚበሉት? እኔ ቤት! በአጥሩ ሾልከው መጥተው ቅንጬ ይበላሉ፣ አፋቸውን ጠርጌ ነው የምመልሳቸው፣ እሷ እንዳታውቅ! ቀለሟ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ እያለች የሰው ልብስ ታጥባለች፣ በገንዘቡ ለባሏ መድኃኒት ትልካለች! ባሏ ታሟል! ይህን ታውቂያለሽ ሸዋረገድ?»

አላውቅም ነበር። የጂሬኛን ሳንባ ምች በሐሳቤ ስቀብረው የኖርኩ ሴት፣ መታመሙን አላወቅሁም። ከሁሉ የከፋውን ሳስብ ነው የምውለው፤ እዚያው ጎኔ ያለውን አላየሁትም።

ኢማን ጽፋ ጨረሰች። ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ዳቦው ግን ጥሩ ነበር» አለችኝ።

ቆርቆሮው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መጣ። ለቀለሟ ደረሳት፣ ለወሰኔ ሽማግሌዎች ደረሳቸው፣ ጨለለቂ ላሉትም ደረሳቸው። እውነት ለመናገር የሚያብረቀርቅ ደህና ቆርቆሮ ነው። ሰፈራችን ዳቦ ያዋጣል፣ መጋረጃ ያዋጣል፣ ጉልበት ያዋጣል፤ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ግን ሰፈሩ ተሸጦም አይገዛም። ምስማር ግን አብሮ አልመጣም። ኦቦ ፈየራ ደውሎ ሲጠይቅ ምስማር የሌላ ድርጅት ሥራ ነው አሉት።

በእነዚያ ሳምንታት እኔና ወሰኔ አልተነጋገርንም። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ተውኩት። ጠዋት ቅንጬ መሥራት ጀመርኩ፤ ልጆቹ የእኔን በልተው ሲጨርሱ በአጥሩ ሾልከው የወሰኔን ይደግማሉ። የእሷ ቅቤ ይበዛዋል።

ቀለሟ የምትሄድበት ቀን አንድ የጭነት አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ሲጫን ወሰኔ አንድ ከረጢት ምስማር አንጠልጥላ ከግቢዋ ወጣች። ከመዘምራን እህቶቿ ጋር አዋጥታ የገዛችው ነው። ለቀለሟ ሰጠቻት፣ ልጆቹን አገላብጣ ሳመች፤ እኔን አላየችም። መኪናው ጡሩንባውን ነፍቶ ወደ መታጠፊያው እስኪደርስ ሁለታችንም እጃችንን እያወዛወዝን ቆምን፣ በመሐላችን አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ትተን።

«ቆርቆሮው በደንብ አልታሰረም» አልኩ። «መንገድ ላይ ንፋስ ቢያነሳውስ?»

«አያነሳውም» አለች ወሰኔ። «ስለ ድምፄ ያልሽው።»

«ቆርቆሮውን ብዬ ነው። ውሸት ነው።»

«እኔ ያልኩት ግን ውሸት የለበትም።»

«አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

ወሰኔ ነጠላዋን አስተካከለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«ብነግርሽ ምን ትሰጪኝ ነበር?» አለች። «ያቺ ልጅ ቆርቆሮ ይዛ ነው የጠየቀችኝ።»

ከዚያ ጥላኝ ገባች። አጥሩ ጋ ስትደርስ መዝሙር ጀመረች፣ ሆን ብላ፣ ጮክ አድርጋ። እኔም እስክትጨርስ ቆሜ ሰማኋት።